የምሕረት አባት ጠርሙሶች

ሰው ሲሞት ትቶት የሚሄደው ነገር እንደ ጠባዩ ይለያያል። አንዱ መሬት ይተዋል፤ ልጆቹ ይካሰሱበታል። ሌላው ስም ይተዋል፤ አንዳንዴ መልካም፣ አንዳንዴ እንደ ነገሩ። የኔ ባል ጠርሙስ ትቶልኝ ሄደ። አርባ ሰባት ጠርሙስ! ልትስቁ ብትፈልጉ ሳቁ፤ እኔም የምስቅበት ቀን አለ። ሁሉም እስከ አፋቸው ሙሉ ነበሩ። በውስጣቸው ምን እንዳለ ግን በአንዳቸውም ላይ አልተጻፈም።

ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ልጃችን ምሕረት ስለምትባል እኔም ጎረቤቱም “የምሕረት አባት” ነበር የምንለው። እዚሁ ሶዶ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኖ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ የወጣ ወንድ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ዳማ ይጫወታል፣ ሽምግልና ይቀመጣል፣ ፀሐይ እየሞቀ መንግሥትን ያማል። የኔው ግን በጡረታው ማግስት ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ኩሽናዬ ገባና አልወጣም አለ።

ከሱቅ የሚገዛ ነገር ሁሉ ለእሱ እንደ ስድብ ነበር። ሳሙናውን ከሞራና ከአመድ ውሃ ያበስላል። አቼቶውን ከሙዝ ልጣጭ ያወጣል። ካሳቫ ዘፍዝፎ የሸሚዙን ኮሌታ እንደ ጣውላ የሚያደርቅ ውሃ ይሠራል። የጥርስ ዱቄት፣ የጫማ ቀለም፣ የጉልበት ዘይት፣ የትንኝ ማባረሪያ። ዳጣውን ሳይቀር፣ የእኛን የወላይታ ሴቶች ዳጣ፣ ሚጥሚጣውንና ዝንጅብሉን በላቦራቶሪ ሚዛን እየመዘነ ያዘጋጅ ነበር። ዳጣ በግራም ሲለካ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ይባስ ብሎ ከኔ ዳጣ ይጣፍጥ ነበር፤ ይህን ግን በሕይወት እያለ አልነገርኩትም።

አመሰግነው ነበር ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አፍር ነበር። እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ በመምህራን ክፍል ውስጥ ጓደኞቼ የሽቶ ሳሙና ሲሸቱ እኔ የሞራና የአመድ ሽታዬን ይዤ እገባለሁ። ስለዚህ ከከድር ሱቅ ባለ ጽጌረዳ ሳሙና እየገዛሁ ቦርሳዬ ውስጥ እደብቅ ነበር። ሚስት ከባሏ የምትደብቀው ስንት ነገር አለ፤ እኔ ሳሙና ደበቅሁ። አንድ ቀን ሲያገኘው አልተቆጣም። አሸተተው፣ መልሶ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጠውና፣ “ይሄ እጅ ያደርቃል” ብቻ አለኝ።

ጠርሙሶቹ ላይ ለምን እንደማይጽፍ ስንት ጊዜ ጨቅጭቄዋለሁ። “እኔ አውቃቸው የለ? ማስታወስ ለቻለ ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል?” ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ቢዘረጋ የፈለገውን ጠርሙስ ያነሣል። ችግሩ እጁም ዓይኑም የእሱ መሆናቸው ነው።

ባለፈው ክረምት ሳል ያዘው። ሳሉ ወደ ሳንባው ወረደ። ሦስት ሳምንት ተኝቶ፣ ሊያልፍ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እጄን ያዘኝና፣ “ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ። ጠርሙሶቹን ልንገርሽ። ከላይኛው መደርደሪያ በግራ በኩል እንጀምር” አለኝ።

“ስትድን ትነግረኛለህ” አልኩት።

“እንዳትቸገሪ ነው።”

“ስትድን አልኩህ እኮ!”

ተቆጣሁት። እስክሪብቶው ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። የመምህር ኪስ እስክሪብቶ አያጣም። ግን ብጽፍ መሞቱን በገዛ እጄ የማጸድቅ መሰለኝ። እሱም ደግሞ አላነሣውም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጆችን ጻፉ ስል ኖሬ፣ ጻፊ ስባል እምቢ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀበርነው። የእሱ ዘመዶች ከቤሌ፣ የእኔ ከቢጠና መጥተው አለቀሱልን፤ ቤተ ክርስቲያኑ ዘመረልን፤ ድንኳኑ ፈረሰ። ምሕረት ሥራዋ ሐዋሳ ነውና ተመለሰች። እኔና አርባ ሰባት ጠርሙሶች ተፋጠጥን።

ከዚያ በኋላ ምግብ የሚባል ነገር አስጠላኝ። ጎረቤቴ ታደለች በየቀኑ ቆጮና ጎመን እያመጣች ፊቴ ታስቀምጣለች፤ እኔም በየቀኑ አመስግኜ ስትሄድ ለዶሮዎቿ መልሼ እበትናለሁ። ዶሮዎቹ ወፈሩ። በዚህ ሁኔታ አንድ ወር ተኩል ገደማ ሄደ። ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ ረፋድ ላይ፣ ከአልጋዬ ተነሥቼ ሳላስበው ምራቄን ዋጥሁ። ቲማቲም አማረኝ! ቲማቲም በሽንኩርትና በቃሪያ፣ አቼቶ ጠብ ተደርጎበት። እናንተ ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳታዩት። ያን ያህል ጊዜ እህል ሳልቀምስ ከከረምኩ በኋላ የመኖር ፍላጎት የመጣልኝ በቲማቲም በኩል ነበር። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ገበያ ወጣሁ፤ በስሎ የቀላውን መርጬ ገዛሁ፤ ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ሁለት ጊዜ አሸተትኩት። ማሽተቴስ ለወጉ ነው፤ በልቅሶው ብዛት ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ድፍን ብሎ ነበር።

ይህ አፍንጫ ነው ጉድ የሠራኝ።

ቲማቲሙን ከተፍኩ፣ ሽንኩርቱን ከተፍኩ፣ መደርደሪያው ፊት ቆምኩ። አቼቶው ቢጫ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢጫ የያዙ ጠርሙሶች ግን ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት። ባሸት አይሸተኝም። ታዲያ ምን ይደረግ? ቀመስኩ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ አንሥቼ፣ በኩራት፣ እንደ ባለሙያ፣ ተጎነጨሁ።

የሳሙናው የአመድ ውሃ ነበር። ተጣርቶ፣ ተጣርቶ፣ እሳት የሆነው።

አልዋጥኩትም፤ ተፋሁት። ምላሴና ከንፈሬ ግን እንደ ተላጠ ድንች ሆኑ። የጮህኩት ጩኸት ዳሞታ ተራራ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ታደለች በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ስትደርስ ያየችው ይህን ነው፦ ከባሏ ሞት ወዲህ እህል አልቀምስ ያለች መበለት፣ መሬት ላይ ተንበርክካ፣ የተደፋ ጠርሙስ በእጇ ይዛ፣ አረፋ በአፏ። እኔስ ብሆን ምን እላለሁ? ታደለች ስትደነግጥ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። “አንተ ሴትዮ!” አለችኝ ደረቷን እየመታች፤ “ምን ጠጣህ? ለምን እንዲህ አደረግህ? እኛ አልነበርንም?”

ሰላጣ ነው ልላት ፈለግሁ። የወጣኝ “ሳ… ሳ… ሳ…” ብቻ ነው።

ሆስፒታል ወሰዱኝ። ተረኛው ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ፊቱ ደግ ነው። አፌን አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ ሲያበቃ፣ ዝቅ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ፣ “እናቴ፣ ሆን ብለው አልጠጡትም፣ አይደል?” አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ፣ ሆን ብዬ አልጠጣሁትም ማለቴ ነው። እሱ የገባው፣ አዎ፣ ሆን ብዬ ነው የጠጣሁት የሚለው ነው። አያችሁ ግፍ? ሠላሳ ዓመት ስለ አሉታዊ ዓረፍተ ነገር አስተምሬ፣ በአሉታዊ ጥያቄ ወደቅሁ። ሐኪሙ በሐዘን እጄን መታ መታ አደረገና ካርዴ ላይ ረጅም ነገር ጻፈ።

ቢቸግረኝ ወረቀት ለመንኩ። “አቼቶ መስሎኝ ነው። ሰላጣ ልሠራ ነበር” ብዬ ለታደለች ጻፍኩላት። ከዚህ በላይ ግልጽ ዓረፍተ ነገር አለ? አነበበችው፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ አጥፋ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ወሬው ምን ሆነ መሰላችሁ? “ደብዳቤ ጽፋለች።” ሻንቶ ሲደርስ ደብዳቤው ሁለት ገጽ ሆነ። ቢጠና ሲደርስ ኑዛዜ አለበት ተባለ።

በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ከፓስተሩ ጋር ቤቴ መጡ። ፓስተሩ ጸለዩልኝ፤ እንደ እናታቸው ጉልበቴን ይዘው ነው የጸለዩት። አመሰገንኳቸው፤ ቢያንስ በዓይኔ። ከዚያ ታደለች ተነሣችና፣ “ይሄ ሁሉ መርዝ እዚህ ቤት ተቀምጦ እሷን ብቻዋን አንተዋትም” አለች። ሴቶቹ ወደ ኩሽናዬ ገቡ።

ጠርሙሶቹን ሁሉ ወደ ጓሮ አወጧቸው።

ተነሥቼ ተከተልኳቸው። መናገር አልችልም። የአንዷን ቀሚስ ጎተትኩ፤ “አይዞሽ፣ አይዞሽ” ብላ አቀፈችኝ። ታደለች የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከፍታ ጉድጓዱ ውስጥ ደፋችው። ሐኪሙ የሰጠኝ መድኃኒት አፍንጫዬን ከፍቶልኝ ኖሮ ሽታው ወዲያው ደረሰኝ፤ የሙዝ ልጣጭ ሽታ። አቼቶው ይሄኛው ነበር። ቀጥሎ ያለው ባሕር ዛፍ ሸተተ፤ የትንኙ ነው። ቀጥሎ የካሳቫው ውሃ። ቀጥሎ ዳጣው፤ ሴቶቹ ሁሉ አስነጠሱ። የምሕረት አባት ሊነግረኝ የፈለገውን፣ አልጽፍም ያልኩትን፣ ታደለች አንድ በአንድ እየደፋች አነበበችልኝ።

አንዷ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና፣ “ይሄ እኮ ማር ነው” አለች በጥርጣሬ።

“ሰይጣንም ማር ይመስላል” አለች ታደለች። ደፋችው።

መጨረሻ ላይ አጭር፣ ጥቁር ጠርሙስ ቀረ። ስትከፍተው የጥብስ ቅጠል ሸተተኝ፤ ዘይት ነው። አንድ ጊዜ መስታወት ፊት ቆሜ፣ “ፀጉሬ እየረገፈ ነው፤ ለአሮጊትነት ቸኩያለሁ” ብዬ ነበር። ለማንም ብዬ አይደለም የተናገርኩት። እሱ ጋዜጣ እያነበበ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም። ለካ ሰምቷል። ሠርቶ አስቀምጦልኛል፤ እስኪሰክን እየጠበቀ ይሆናል፣ ወይም እኔ እስክጠይቀው።

ያን ጠርሙስ ከእጇ ነጥቄ ደረቴ ላይ አጣበቅሁት። ሦስት ሴቶች ተረባረቡብኝ። “በኢየሱስ ስም ልቀቂ!” አለች አንዷ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቁ። እያለቀሱ ነበር፤ የሚያደርጉትን የሚያደርጉት ከልባቸው ስለሚወዱኝ ነው። ጠላት ቢሆኑ ኖሮ እነክሳቸው ነበር፤ በዚያ አፌም ቢሆን። ዘይቱ አፈሩ ላይ ፈሰሰ። ቶሎ አልሰረገም፤ ፀሐይ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲያብለጨልጭ ዋለ።

እኔም መጮህ ስለማልችል ጓሮው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየሁት።

ከዚያማ ጥበቃው ተጀመረ። የእናቶች ኅብረት ተራ አወጣ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ይመጣሉ። ቢላዋዬን ደበቁ፤ የልብስ ማስጫ ገመዴን ፈቱ፤ የምሕረት አባትን ቀበቶ ሳይቀር ወሰዱ። ሽንኩርት በማንኪያ ከትፋችሁ ታውቃላችሁ? ይቻላል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። አንድ ቀን ከጠባቂዎቼ ጋር ከድር ሱቅ ሄጄ በረኪና በጣቴ ባሳየው፣ ከድር ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ፣ “አልቋል እህቴ” አለኝ። በረኪናው ከኋላው እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ሃያ ዓመት ደንበኛው ነኝ፤ ዋሽቶኝ አያውቅም። ፊቱ ቀልቶ አንድ ሳሙና በነፃ ጨመረልኝ። ባለ ጽጌረዳውን። ተጠቀምኩበት፤ እውነትም እጅ ያደርቃል።

ምሕረት ከሐዋሳ መጣች። ሴቶቹን በዘዴ አስወጥታ በሩን ዘጋችና፣ “እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ” አለች። ምላሴ መለስ ብሎ ነበርና፣ “ሰላጣ ነው” አልኳት።

“እሺ።”

“እውነቴን ነው፣ ምሕረት።”

“እሺ አልኩ እኮ፣ እማዬ። ሰላጣ ነው።” ከዚያ ጭኔ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ፦ “ግን አባዬ ከሄደ ወዲህ… አንድም ቀን አስበሽው አታውቂም?”

ፀጉሯን መዳበሴን ቀጠልኩ። እነግራችኋለሁ፤ ለእናንተ ምን እደብቃለሁ? መኖርን ተጠይፌ አላውቅም። ግን ለምን እንደምነሣ ሳይገባኝ ጣሪያውን እያየሁ ያረፈድኩባቸው ጧቶች ነበሩ። የዚያ ቅዳሜ ጧት ግን ከእነሱ አንዱ አልነበረም። ያን ቅዳሜ እኔ የምኖር ሰው ነበርኩ፤ በሰው ሁሉ ዓይን የሞትኩትም በዚያው ቅዳሜ ነው።

አንደበቴ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ቆምኩ። ነገሩን በሕዝብ ፊት ላጠራው ቆርጫለሁ። ማይክሮፎኑን ያዝኩና፣ “ወገኖቼ፣ እኔ ራሴን ልጎዳ አልፈለግሁም፤ መኖር እፈልጋለሁ” ብዬ ጀመርኩ። ቀጥዬ ስለ አቼቶው ልናገር ነበር። ማን ሊያስጨርሰኝ! “ሃሌ ሉያ!” አሉ። ታደለች እልል አለች። መዘምራኑ ተነሡ። ከበሮው፣ ጊታሩ፣ ጭብጨባው… አቼቶው በመዝሙር ተዋጠ። ፓስተሩ አቀፉኝ። እኔም ምን ላድርግ፣ አጨበጨብኩ።

ስወጣ በሩ አጠገብ እማማ ዳሜ ጠበቁኝ። እማማ ዳሜ በእኛ መንገድ መጨረሻ፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ የላቸውም። ከአምልኮ ሲወጡ ሰላምታ ከመለዋወጥ በስተቀር ከእሳቸው ጋር ቁም ነገር አውርተን አናውቅም። ክንዴን ያዙና ከሰዉ ፈቀቅ አደረጉኝ።

“እኔም አንድ ጊዜ ጠጥቻለሁ” አሉኝ በሹክሹክታ።

“ምን?”

“የከብት መዥገር መድኃኒት። ሰውዬው በሞቱ ዓመት።”

እማማ፣ የኔ እኮ በስህተት ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸውን አየሁና መልሼ ዘጋሁት።

“ማን ደረሰልዎ?”

“ማን ይደርሳል? ሲያስመልሰኝ ዋለ። ሲተወኝ ተነሥቼ ደጄን ጠረግሁ፣ ላሚቱን አለብኩ። ያወቀ የለም። ለሰው ስናገር ዛሬ ገና ነው፤ አንቺ ስለምታውቂው ነው የነገርኩሽ።” ክንዴን ጠበቅ አደረጉት። “አንቺስ ታድለሻል፤ ሰው ደረሰልሽ።”

ያን ሁሉ ጊዜ ሁለት ሁለት ሴቶች በተራ ሲጠብቁኝ፣ እኔም በሆዴ ሳጉረመርም፣ ለካ ጠባቂዎቹ ቤት ተሳስተው ነበር። እማማ ዳሜ ቤት አንድም ቀን ተራ አልወጣም።

ቤቴ ይዣቸው ሄድኩ። ምሳ በላን። በሳምንቱ እሳቸው ራሳቸው በሬን አንኳኩ፤ ጎንበስ ብለው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው። “ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው” አሉኝ። አሁን በየቀኑ ይመጣሉ። የእናቶች ኅብረት ጥበቃውን ካቆመ ቆይቷል፤ እማማ ዳሜ ግን አላቆሙም። በር ላይ ሳያዩኝ ከቀሩ በስሜ ይጣራሉ። ያን ያህል ዓመት ማንም የማይጠብቃቸው ሴት፣ የሚጠብቁት ሰው ስላገኙ ወገባቸው ሁሉ ቀና ያለ ይመስለኛል። ታደለችም አስተውላለች፤ “እማማ ዳሜ ወጣት ሆነች” ትላለች።

አንዳንዴ ከምሳ በኋላ ቀስ ብለው ይጠይቁኛል፦ “ልጄ፣ ያን ቀን… በጣም ከፍቶሽ ነበር?”

ለሐኪሙ፣ ለታደለች፣ ለልጄ፣ ለማኅበረ ምእመናኑ ሁሉ እውነቱን ለመናገር ስታገል ከርሜያለሁ። ለእማማ ዳሜ ግን፣ አዎ፣ ሆን ብዬ ነው የጠጣሁት።